የጤና ትምህርት ፊልም በጎንደርና ዙሪያዋ፦ ከጽሑፉ እስከ አቡጀዲው

ነጭ ጋዋን የለበሰ ባለሙያ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጦ የበሽታውን መንስኤ፣ ምልክት፣ መተላለፊያና መከላከያ በተርታ የሚናገርበት ፊልም ለመሥራት ቀላል ነው፤ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ለዚያ ግን ሬዲዮም ይበቃል። ፊልም የሚያስፈልገው በቃል ብቻ ሲነገር የማይያዝ ነገር ሲኖር ነው፦ እናት የሦስት ልጆቿን ዓይንና አፍንጫ በአንዱ የነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ በሽታው እንዴት ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚሄድ፣ ውሻ የነከሰው እግር እንዴትና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚታጠብ፣ ለዓይን ፀጉር ቀዶ ሕክምና የገባች ሴት በሩ ከተዘጋ በኋላ ምን እንደሚደረግላት። ይህ መመሪያ ለጤና ጣቢያ ሠራተኞች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ለትምህርት ቤት ክበባትና ሰርግ እየቀረጹ ለሚተዳደሩ ወጣቶች ነው። አንድ ደህና ስልክ፣ አንድ የደረት ማይክና የሚዋሱት ፕሮጀክተር ካለ ሥራው ይጀመራል።

አንድ ፊልም አንድ ነገር ይጠይቅ

ካሜራ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ማን፣ መቼ፣ ምን ያድርግ የሚለውን የሚመልስ ይሁን። «ስለ ካላዛር ግንዛቤ መፍጠር» አይሠራም፤ ከእሱ ተነሥቶ ምን እንደሚቀረጽ ማንም አያውቅም። «መተማ ለሰሊጥ ሥራ ቆይቶ የተመለሰና ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሰው ጤና ጣቢያ ሲገባ መጀመሪያ ‹መተማ ነበርኩ› ይበል» የሚለው ግን የፊልሙን ግማሽ ጽፎ ይሰጣችኋል። የካላዛር ተውሳክ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ከገባ በኋላ በሽታው እስኪገለጥ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል። ሰውየው የተነከሰው ቆላ ወርዶ ግራር ሥር ሲያድር ነው፤ የሚታመመው ግን ወገራ ወይም በለሳ ቤቱ ከገባ በኋላ ይሆናል። ደጋ ላይ ትኩሳት ሲታይ ቀድሞ የሚታሰበው ታይፎይድ ወይም ወባ ነው። ጣፊያው አብጦ ሆዱ በግራ በኩል እስኪነፋ፣ ሰውነቱም እስኪከሳ ድረስ ወራት ያልፋሉ። ካላዛር ደግሞ ካልታከመ ይገድላል። ስለዚህ ለሚሄደውና ለሚመለሰው የሚነገረው አንድ አይደለም፤ ሁለት ፊልም ነው። ለሚሄደው በኬሚካል የተነከረ አጎበር ይዞ መውረድንና ማታ ሜዳ ላይ ያለ አጎበር አለመተኛትን፣ ለሚመለሰው ያችን አንዲት ቃል።

ትራኮማም እንዲሁ ነው። የመከላከሉ ሥራ አራት እግር አለው፦ የተቀለበሰውን ሽፋሽፍት በቀዶ ሕክምና ማስተካከል፣ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ ንጽሕና። አራቱንም ስድስት ደቂቃ ውስጥ ካጨቃችሁ ተመልካቹ አንዱንም ይዞ አይወጣም። የተቀለበሰው የዓይን ፀጉር ለሚወጋቸው እናቶች የሚሠራ ፊልም ስለ ዝንብና ስለ መጸዳጃ ቤት ትንፍሽ ባይል ይሻላል፤ የእነሱ ጥያቄ ሌላ ነው። ያማል ወይ? ስንት ቀን ያስተኛል? ቤቱን ማን ይይዛል? እንጀራ መቼ እጋግራለሁ? ፊልሙ ለእነዚህ ይመልስ፤ ሽፋኑ ላይ ማደንዘዣ እንደሚወጉ፣ ሥራው በዚያው በጤና ጣቢያ አልቆ በዚያው ቀን ወደ ቤት እንደሚመለሱ፣ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ አድሮ በማግሥቱ እንደሚፈታ፣ የሚመራ ሰው አብሯቸው መምጣት እንዳለበት። በወረንጦ መንቀሉ ለምን እንደማያዋጣም አሳዩ፦ የተነቀለው ፀጉር ተመልሶ ሲበቅል አጭርና ጠንካራ ሆኖ ስለሚመጣ ዓይኑን ይበልጥ ይፍቀዋል። በጠባሳ የጠፋ ብርሃን እንደማይመለስ አንዴ ተናግሮ ማለፍ ነው። የታወረች ሴት ስትደናበር ለአንድ ደቂቃ የሚያሳይ ፊልም ተመልካቿን አንገቷን ያስደፋታል እንጂ ቀጠሮ አያስይዛትም።

ወቅቱንም አስቡበት። ደምቢያና ሌሎቹ የጣና ዳር ወረዳዎች ላይ ወባ የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። የአጎበር ፊልም በነሐሴ ካልታየ ጊዜው አልፎበታል። የካላዛሩ «የሚሄደው» ፊልም ሠራተኛው ለአረምና ለአጨዳ ከመውረዱ በፊት መናኸሪያ ላይ ወይም አዘዞ ላይ መኪና ሲጠብቅ ይታይ። የአዚትሮማይሲን፣ ማለትም የትራኮማው መድኃኒት፣ ዘመቻ ካለ ፊልሙ አንድ ሳምንት ቀድሞ ይድረስ፤ ከወር በፊት የታየ ይረሳል።

ጎንደር ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። የሕዝብ ጤና ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የደምቢያ ሕዝብ በ1953ቱ የወባ ወረርሽኝ ባለቀ ማግሥት ነው። ከጤና መኮንኑና ከኮሙኒቲ ነርሷ ጎን ያሠለጠነው ደግሞ ሳኒታሪያንን ነበር፤ መንደር ለመንደር እየዞረ ጉድጓድ የሚያስቆፍርና የሚያስተምር ባለሙያ። ዛሬ ያ ሸክም ያለው በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትከሻ ላይ ነው። ፊልሙ እሷን ካላገዛት ሥራ ጨመረባት ማለት ነው፤ ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ሲጻፍ አብራችሁ ትቀመጥ።

ጽሑፉ፣ ባለሙያውና ፈቃዱ

ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት፤ በግራ የሚታየው፣ በቀኝ የሚሰማው። መጀመሪያ ግራውን ብቻ ሙሉ። ቀኙን ሸፍናችሁ ግራውን ስታነቡ ነገሩ የሚገባ ከሆነ ጽሑፉ ፊልም ሆኗል፤ የማይገባ ከሆነ ገና ንግግር ነው። ትረካ ሲባል በደቂቃ ከ80 እስከ 90 የአማርኛ ቃል ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ የዜና ንባብ ይሆናል። በስድስት ደቂቃ ፊልም ውስጥ ንግግሩ ከአራት ደቂቃ አይብለጥ፤ ወደ 340 ቃል ማለት ነው። የቀረው ሁለት ደቂቃ እጅ የሚሠራበት ነው፤ ሰው እጅ ሲያይ ጆሮው ይዘጋል።

የመድኃኒት ስምና መጠን በፊልሙ መሐል አታስገቡ። የሕክምና መመሪያ ይለወጣል፣ ፊልሙ ግን ስልክ ለስልክ እየዞረ ዓመታት ይቆያል። የግድ ከሆነ በመጨረሻ ላይ ሠላሳ ሰከንድ የሚሆን ለብቻው የተሠራ ቁራጭ አድርጉት፤ መመሪያው ሲቀየር እሱን ብቻ ታነሣላችሁ። የሚታየውም ከሚነገረው እኩል ያሳስታል። አዚትሮማይሲን በዘመቻ ሲሰጥ የልጆች መጠን የሚወሰነው በቁመት መለኪያው እንጨት ነው፤ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ሽሮፑ አይሰጥም፣ ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት በቀን ሁለት ጊዜ ለስድስት ሳምንት ይቀባል። አንዲት እናት ለታቀፈችው ጨቅላ ሽሮፕ ስታጠጣ ለሁለት ሰከንድ ብትታይ፣ ተራኪው የፈለገውን ቢል ሰው ይዞ የሚሄደው ያንን ምስል ነው። ስለዚህ በሽታውን በየቀኑ የሚያክም ሰው ሁለት ጊዜ ይይላችሁ፤ አንዴ ጽሑፉን፣ አንዴ ያልተጠናቀቀውን ቅንብር። በሁለተኛው ላይ ድምፁን ዘግታችሁ አሳዩት። ጓንት ያላደረገ እጅ፣ ክዳኑ የተመለሰለት መርፌ፣ ጠርዙ ያልተጠቀጠቀ አጎበር የሚያዘው ያኔ ነው።

ለፈቃዱ ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ይዛችሁ ወደ ቀበሌው ሂዱ። በጤና ጣቢያ ግቢ የሚቀረጽ ከሆነ የተቋሙ ኃላፊም ይፈርማል። የሚቀረጸው ሰው በአማርኛ የተጻፈ የስምምነት ወረቀት ይፈርም፤ ማንበብ የማይችል ከሆነ ምስክር ባለበት ተነብቦለት አሻራውን ያኑር። ወረቀቱ «ለትምህርት ይውላል» ብሎ ማለፍ የለበትም፤ ቴሌግራም ላይ እንደሚወጣ፣ ጎረቤቱ ሊያየው እንደሚችል በግልጽ ይበል። በካላዛር ፊልም ላይ እውነተኛ ታካሚ በፊቱ አታሳዩ። የካላዛር ሕመምተኛ ኤችአይቪም ይመረመራል፤ ይህንን የሚያውቅ ጎረቤት ከፊልሙ ያልተባለ ነገር ያነብባል። ጀርባውና እጁ ይበቃሉ፣ ካልሆነም የቀበሌው የኪነት ቡድን ተዋናይ አያጣም።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ጠበልንና መድኃኒትን አታጣሉ። ጠበል የሚጠመቅ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይጠመቅ የሚለውን መልእክት ከአንድ አባት አፍ ማሰማት ከሐኪም አስር ጊዜ ይደመጣል። ሁለቱን የሚያፎካክር ፊልም ግን ጎንደር ላይ አዳራሹ ሳይሞላ ይሞታል።

ቀረጻ

ስልኩን በአግድም ያዙት፣ አውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት፣ ሌንሱን በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ጥረጉ። 1080 ፒ ይበቃል፤ 4ኬ ማስታወሻውን ከመሙላቱ በቀር ለፕሮጀክተር የሚጨምረው የለም። የፍሬም ቁጥሩን 25 አድርጉ፤ ስልኩ የሚፈቅድ ከሆነም የሹተሩን ፍጥነት 1/50 ላይ ቆልፉ። የመብራታችን ሞገድ 50 ኸርዝ ስለሆነ በ30 ፍሬም የተቀረጸ የጤና ጣቢያ ክፍል በሸምበቆ አምፖልና በኤልኢዲ ሥር ሲብረቀረቅ ይወጣል፤ በኋላ ማስተካከሉ ይከብዳል።

የጎንደር ፀሐይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናትና እኩለ ቀን ላይ ከጉንጭና ከዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ትጥላለች። ከቤት ውጭ የሚቀረጸውን ከጧቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ወይም ከቀኑ 10 እስከ 11 ሰዓት ተኩል ያዙት። ትልቁ ጣጣ ጋቢና ነጠላ ነው። ነጩ ልብስ ስልኩን ያታልለውና ብርሃኑን ሲቀንስ ፊቱ ይጠቁራል፤ የሚናገረው ሰው ዓይን ሳይታይ ፊልሙ ያልቃል። ፊቱ ላይ ጣታችሁን አሳርፋችሁ ብርሃኑንና ትኩረቱን ቆልፉ፣ ሰውየውንም ከነጭ ግድግዳና ከተከፈተ በር ፊት አታስቀምጡት። ጎጆ ውስጥ ከሆናችሁ ተናጋሪውን በሩ አጠገብ ወደ ብርሃኑ አዙራችሁ አስቀምጡ፣ በጨለማው በኩል ባለ ጉንጩ ትይዩ ነጭ ጋቢ ዘርጉ፤ ያ መብራት ነው።

እጅ የሚሠራውን ሥራ ሦስት ጊዜ ቅረጹ፦ አንዴ ከሩቅ ሰውየው ከነቦታው፣ አንዴ ከቅርብ እጁ ብቻ፣ አንዴ ከሠሪው ትከሻ በላይ ተመልካቹ ራሱ እንደሚያደርገው ሆኖ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፣ ግን የሚያስተምረው እሱ ነው። ፊት ለፊት የተቀረጸ እጅ ግራና ቀኙ ስለሚገለበጥ ተመልካቹ በሐሳቡ ማዞር አለበት።

የፊት እጥበቱን ለምሳሌ ውሰዱ። እናትየዋ ጆጉን ስታነሣ ስንት ውኃ እንዳለው ይታይ፣ ምክንያቱም ብዙዎች ልጅ የማይታጠበው ውኃ ርቆ ነው ይላሉ፤ ጥቂት እፍኝ ውኃ የአንድ ልጅ ፊት እንደሚያጠራ በዓይን ማየት ክርክሩን ያሳጥረዋል። እጇን ቀድማ ትታጠብ። ውኃው ከጆጉ ይፍሰስ እንጂ ሦስት ልጅ አንድ ሳህን ውስጥ አይታጠብ። የዓይኑ ጥግ ላይ የደረቀው ዓይናር እስኪርስ ሁለት ሦስት ጊዜ ታርሰው፣ ከዚያ ታንሳው። ሲያልቅ በየራሳቸው ጨርቅ ይደረቁ ወይም አየር ያድርቃቸው፤ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ተጣጥፋ ትቆይ። ይህ ሁሉ ሃምሳ ሰከንድ ነው፣ ቃልም አያስፈልገውም። ቀድሞ የታየው በነጠላ መጥረጉ ግን ክፉ እናት የምታደርገው ተደርጎ አይቅረብ፤ ያችው እናት ናት፣ ያው ፍቅር ነው፣ የተለወጠው ጨርቁ ብቻ ነው።

ነፍሳት ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ትንኝ ወይም የአሸዋ ዝንብ ፊልሙ በሚታይበት አቡጀዲ ላይ የበግ ያህል ሆና ስትታይ ተመልካቹ ሌሊት ከምትነክሰው ጋር አያገናኛትም። የአሸዋ ዝንብ ቁመቷ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ነው፤ ሥዕሏን ከማጉላታችሁ በፊት በትክክለኛ መጠኗ ከሰሊጥ ፍሬ አጠገብ አስቀምጡና መዳፍ ላይ አሳዩ። ሰሊጥ አጫጁ ያችን ፍሬ ዓመቱን ሙሉ ሲያያት የኖረ ነው። ከዚያ አጉሉ፣ ከዚያ ወደ ፍሬዋ ተመለሱ። ድምፅ እንደሌላትም ይነገር፤ እንደ ወባ ትንኝ ጆሮ ሥር አትጮህም። መኖሪያዋን ስታሳዩ የተሰነጠቀ ዋልካ መሬትና ኩይሳ ቅረጹ።

ጊዜ ሲቆረጥ

የፊልም ትልቁ ውሸት ይህ ነው፣ ማንም አስቦ አይዋሸውም። ውሻ የነከሰው ቁስል በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ መታጠብ አለበት፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ለክትባቱ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ፊልሙ ግን እጥበቱን ስምንት ሰከንድ ያሳይና ወደ ጤና ጣቢያው በር ይሻገራል። ተመልካቹ የያዘው ስምንቱን ሰከንድ ነው፤ ቤቱ ሄዶ እግሩን አለቅልቆ በርበሬ ወይም ቅጠል ይለጥፍበታል።

መፍትሔው ጊዜውን በዕቃ ማሳየት ነው። መጀመሪያ የስልክ ሰዓት ይታይ። ቀጥሎ ከቢጫው ጀሪካን ውኃው ሲፈስ፣ ሳሙናው አረፋ ሲያወጣ፤ ከዚያ ጀሪካኑ ባዶ ሆኖ ልጁ ሌላ ሲያመጣ፤ እንደገና ሳሙና፤ የሚያጥበው ሰው ደክሞት እጅ ሲቀይር፤ መጨረሻ ላይ ያው ሰዓት 15 ደቂቃ አልፎ። ሠላሳ ሰከንድ ይበቃል፣ ግን ድካሙ ይሰማል።

ለረጅም ሕክምናም እንዲሁ። ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም ሦስት ቀን፣ ስድስት ጊዜ ነው፤ ሰው የሚያቋርጠው በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲለቀው ነው። ግድግዳ ላይ በከሰል ስድስት መስመር አስምሩና አንድ በአንድ ይሰረዙ፤ ሦስተኛው ላይ ሰውየው ተሽሎት እርፍ ሊይዝ ሲነሣ ሚስቱ ወደ ግድግዳው ትመልከት። ቃል አይጨመርበት። የካላዛር መርፌ በተለመደው ጥምር ሕክምና 17 ቀን ነው፤ እዚያ ላይ የሚያስፈልገው አልጋው አጠገብ ያለው አስታማሚ ፂም ሲያድግ፣ የሚመጣው ምሳ ዕቃ ሲለዋወጥ ማሳየት ነው። ቤተሰቡ ለሁለት ሳምንት ተኩል ምን ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል።

አዲስ አጎበር ከመሰቀሉ በፊት ጥላ ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ ይናፈስ ይባላል። ፊልም ላይ ከፌስታሉ ወጥቶ ወዲያው አልጋ ላይ ከወጣ ፊትና እጁ ያሳከከው ሰው በሁለተኛው ሌሊት ያወርደዋል።

ድምፅ

ምስሉ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሣል፣ ድምፁ ከተንኳኳ ይነሣና ይሄዳል። የደረት ማይኩን ከአገጭ 15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጋችሁ ከጋቢው በላይ ስኩት፤ ከጋቢ ሥር የተደበቀ ማይክ ሰውየው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይፋጫል። ገመዱ አጭር ከሆነ ሌላ ስልክ ኪሱ ውስጥ አስገብታችሁ ድምፁን በዚያ ቅዱ፣ መጀመሪያ ላይም አንዴ አጨብጭቡ፤ ሲቀናበር ምስሉና ድምፁ የሚገጣጠሙት በጭብጨባዋ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ቆማችሁ አድምጡ፦ የወፍጮ ቤት፣ የጄኔሬተር፣ የባጃጅ፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ። ቅዳሴና ሶላት እስኪያልቅ መጠበቅ ነው እንጂ ሌላ ዘዴ የለውም። በየቦታው ሠላሳ ሰከንድ ዝም ብላችሁ ቅዱ፤ ንግግር ሲቆረጥ ክፍተቱን የምትሞሉበት እሱ ነው።

ትረካውን ቤት ውስጥ፣ ግድግዳውን በፍራሽና በብርድ ልብስ ከልላችሁ ቅዱ። በመቅጃው መለኪያ ላይ ከፍተኛው ድምፅ ከ-6 ዴሲቤል አይለፍ። ማሲንቆ ከሥር ከገባ ከንግግሩ ወደ 20 ዴሲቤል ዝቅ ይበል፤ እጅ ሥራ ሲያሳይ ደግሞ ጨርሶ ይጥፋ። ተራኪው የአዲስ አበባ ሬዲዮ ድምፅ ያለው ሰው ባይሆን ይመረጣል፤ ሕዝቡ የሚያውቃት የአካባቢው ነርስ ትበልጣለች።

ቅንብርና ፋይል

አንድ ምስል ቢያንስ ከአራት እስከ ስድስት ሰከንድ ይቆይ። የእጅ ሥራ መሐሉ አይቆረጥ። ጽሑፍ ከበዛ ያደናግራል፤ ማንበብ የማይችለው ተመልካች የቀረበት ነገር ያለ ይመስለዋል። ፊልሙን በሁለት ቦታ ላይ ለሦስት ሰከንድ አጥቁሩት፤ አወያይዋ የምታቆመው እዚያ ላይ ነው።

የምታወጡት ፋይል ኤምፒ4፣ ኤች.264 ይሁን። አዳዲስ ስልኮች በኤች.265 ይቀርጻሉ፤ የጤና ጣቢያው ቴሌቪዥን ያንን ከፍላሽ ላይ ሲያነብ ድምፅ ብቻ ያወጣል ወይም «አይደገፍም» ይላል። ፍላሹንም በፋት32 ፎርማት አድርጉት። ለፕሮጀክተር በሰከንድ 8 ሜጋ ቢት ሲሆን ስድስት ደቂቃው 360 ሜጋ ባይት ይሆናል፤ ለቴሌግራምና በዜንደር ለመላላክ 480 ፒ በ1 ሜጋ ቢት አውጡ፣ 45 ሜጋ ባይት ነው። ትንሹን ካላዘጋጃችሁ ሰው ራሱ አሳንሶ ይልከዋል፣ ያኔ የዓይን ሽፋሽፍቱ አይታይም።

ከመጨረሳችሁ በፊት ፊልሙ ለተሠራላቸው ሰዎች አሳዩ፤ ከስምንት እስከ አሥር ይበቃሉ። ነርስና ተማሪ አይቆጠሩም፤ ቀድመው ያውቃሉ። አንድ በአንድ አሳይታችሁ ጠይቁ፦ ምን አያችሁ? ለማን የተባለ ነው? ነገ ምን ታደርጋላችሁ? የከፋችሁ ነገር አለ? «ገባችሁ ወይ» አትበሉ፤ ይሉኝታ አለና ሁሉም ገባን ይላል። ከአሥሩ ሦስቱ አንዱን ነገር አሳስተው ከያዙ ያ ቦታ እንደገና ይቀረጻል። የአመጋገብ ፊልም ከሆነ በጾም ወቅት ሞክሩት፤ ለሕፃኑ እንቁላል የሚበስልበት ድስት ለብቻው መሆኑ ካልታየ የእናቶቹ ጥያቄ ሁሉ እዚያ ላይ ይቆማል።

ማሳያው

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ትንሽ ነው፦ በጤና ጣቢያው መጠባበቂያ ክፍል ያለ ቴሌቪዥን፣ የዕድር ስብሰባ፣ ሰንበቴ፣ የሴቶች ልማት ቡድን ቡና። ሃያ ሰው ያለበት ነው፣ ብዙ ጊዜም ከትልቁ ይልቅ ይጠቅማል። ለቀዶ ሕክምናው ፊልም ከዚህ ሌላ አትፈልጉ፤ ዓይኗን የሚያማት ሴት ሜዳ ላይ በሕዝብ መሐል አትጠይቅም።

ሁለተኛው የሜዳው ማሳያ ነው። የፕሮጀክተሩ የብርሃን ጉልበት 3,000 አንሲ ሉመን ያህል ይሁን፤ ርካሾቹ ላይ የሚጻፈው ትልቅ ቁጥር አንሲ ስላልሆነ አትመኑት። ሁለት ድርብ አቡጀዲ ሰፍታችሁ ሦስት ሜትር በሁለት አድርጉ፣ በአራቱም ጠርዝ ቀለበት አስገቡና ወጥሩት፤ አንድ ድርብ ከሆነ ብርሃኑ በጀርባ ያልፋል፣ ከላላ ደግሞ ነፋሱ ፊቶቹን ያጣምማቸዋል። በብዙ ፕሮጀክተሮች ርቀቱ የምስሉ ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ ለሦስት ሜትር ምስል አራት ሜትር ተኩል። ድምፅ ማጉያው ከአቡጀዲው ጎን በሰው ራስ ከፍታ ይቁም። ጄኔሬተሩን ሠላሳ ሜትር ወስዳችሁ ከቤት ጀርባ አስቀምጡ። የመሥመር መብራት ከሆነ ስታብላይዘር አድርጉ፤ ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ተመልሶ ሲመጣ ሁለት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩ። አምፖሉ የሚቃጠለው መብራቱ ሲመለስ በሚመጣው ግፊት ነው።

ለሜዳው ማሳያ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት አይጨልምም። የሰዓት እላፊ ባለበት ጊዜ ወይም መንገዱ በማያስተማምንበት ቀበሌ ይህን ትታችሁ ቀን በአዳራሽ፣ መስኮቱን በጥቁር ላስቲክ ሸፍናችሁ አሳዩ። ወባ በበረታበት መንደር ደግሞ ሕፃናትን አመሻሽ ላይ ሜዳ አስቀምጦ ስለ ትንኝ ማስተማር ምን ያህል እንደሚያዋጣ ሳንነግራችሁ ይገባችኋል።

ፊልሙን ሁለት ጊዜ አሳዩ። መጀመሪያ ሳያቆሙ፣ ሳይተነትኑ። ከዚያ አወያይዋ «ምን አያችሁ?» ትበል እንጂ «ምን ተማራችሁ?» አትበል፤ ሁለተኛው የትምህርት ቤት መልስ ያስመጣል። በሁለተኛው ዙር ጥቁሩ ቦታ ላይ ታቁመውና ሥራውን በእጅ ታሠራ፤ ጆጉ፣ ሳሙናው፣ አጎበሩ አጠገቧ ይዘጋጅ። ሰው ከ80 ካለፈ ይህ አይሆንም፣ ለሁለት ይከፈል። የቀዶ ሕክምና ቀጠሮም ሆነ የትኩሳት ምርመራ የሚመዘገበው እዚያው ወንበሩ ላይ ነው፤ «ነገ ኑ» የተባለ ሰው ነገ ገበያ አለበት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ጤና ኬላው ተመልሳችሁ መዝገቡን እዩ፦ ለዓይን ፀጉር ስንት ሰው መጣ፣ «መተማ ነበርኩ» ያለ ስንት ተላከ። እጅ አውጡ ብሎ መቁጠር ምንም አይነግራችሁም። በፋይሉ ስምና በመጀመሪያው ምስል ጥግ ላይ ወርና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ፤ መመሪያ ሲቀየር አሮጌውን ከቻናሉ አውርዳችሁ አዲሱን በዚያው ስም በአዲስ ቀን ልቀቁ፣ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም የስልኳን ቅጂ በፊታችሁ ትቀይር።